አገጩን አይቶ በሽታውን የጠረጠረው ክሊኒክ

ባሌ 63 ኪሎ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74፣ ሆድ የሚባል ነገር የለውም። ግን ያንኮራፋል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የግድግዳውን ነገር ስለሚያውቅ ብዙ አላብራራም፤ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝታኝ "ሌሊት ጋሼን አሟቸው ነበር እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች። ማንኮራፋቱንስ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ዝምታውን ነው። እያንኮራፋ እያለ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። እኔ በጨለማ እቆጥራለሁ፣ አስር፣ አስራ አምስት፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እጄን ዘርግቼ ልቀሰቅሰው ስል ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው በኃይል ስቦ ይገላበጣል። ሁለት ዓመት እንዲህ አደርኩ። ይህ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚያቆም በሽታ፣ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ የአንገት በላይ ክሊኒክ ነው። ጥሩውንም መጥፎውንም እጽፋለሁ። ስሟን አልጠቅስም፣ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም። ደግሞ ዋናው ነገር እዚያ ያየሁት አመረማመር ነው። እሱን ካወቃችሁ የትም ያለ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ይሄንንስ አያዩልኝም?" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የት የት እንደተንከራተትን ልንገራችሁ። አማቴ ዱካክ ነው ይላሉ። ልጃቸው ከእንቅልፉ ተፈናጥሮ ሲነሳ፣ ልቡ ሲደልቅ፣ "አነቀኝ" ሲል ያዩት ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ነው፣ ጸበል እያመጡ ይረጩት ነበር። አልፈርድባቸውም። ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ልጃቸው በእርግጥ እየታነቀ ነበር። ከዚያ አንድ ጤና ተቋም ሁለት ጊዜ ሄድን። ደም ተወሰደ፣ እንደተለመደው ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ የትንፋሹን መቆም እኔው ራሴ ተናገርኩ። ያየን ሰው ባሌን ከላይ እስከ ታች ተመለከተውና "ይሄ የወፍራም ሰው በሽታ ነው፣ አንተ ሹፌር ስለሆንክ ድካም ነው" ብሎ ቫይታሚን ጻፈለት። አፍህን ክፈት እንኳ አላለውም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አፍ ማስከፈት ማሽንም ገንዘብም አይጠይቅም።

ባሌ አይሱዙ ነው የሚነዳው፣ ከአዳማ ዕቃ ያመላልሳል። ባለፈው ጥር ሲመለስ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ጣቢያ ጋ ተራ እየጠበቀ እንቅልፍ ወሰደው። ከፊቱ ያሉት መኪኖች ከፍለው ሄደዋል፣ ከኋላው ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ፣ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ረዳቱ ነው የቀሰቀሰው። ያ ልጅ ማታ ቤት ድረስ መጥቶ "እትዬ፣ ዛሬ እግዜር ነው ያተረፈን፣ ቆመን ባይሆን ኖሮ አልቆልን ነበር" አለኝ። በማግስቱ ሥራ አልወጣም። ይቺን ክሊኒክ የጠቆመን ሌላ ሹፌር ነው፣ እሱም በዚሁ በሽታ ታክሞባታል።

ክሊኒኳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ታች የግንባታ ዕቃ መሸጫና ዳቦ ቤት አለ። ሊፍት የለም። ከአስፋልቱ ወደ ሕንጻው የሚያስገባው መንገድ ኮብል ስላልተነጠፈ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ባጃጅ እስከ በሩ ካልደረሰ ጫማችሁን እርሱት። ስፔሻሊስቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው የሚገባው። 8 ሰዓት ተባልን፣ 9 ሰዓት ተኩል አለፈ። ሰው ሞልቷል፣ ወንበሩ አይበቃም፣ አንድ አዛውንት ቆመው ስለነበር ባሌ ተነሳላቸው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ሥራዋን ታውቃለች። ካርድ ስታወጣለት ስሙንና ዕድሜውን ብቻ ጽፋ አልለቀቀችውም፣ አንድ ወረቀት አውጥታ ስምንት ጥያቄ በአማርኛ እያነበበች መልሱን ሞላች።

ጥያቄዎቹ ቁጭ ብሎ በሚያነብበት፣ ቴሌቪዥን በሚያይበት፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብሎ በሚቀመጥበት ሰዓት እንቅልፍ ምን ያህል ይጥልሃል የሚሉ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረን ይህ የኤፕወርዝ መለኪያ ይባላል፣ ሜልበርን ያለ መሪ ጆንስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ስምንተኛው ጥያቄ "መኪና ውስጥ ሆነህ በትራፊክ ምክንያት ለጥቂት ደቂቃ ስትቆም" የሚል ነው። ልጅቷ ስታነበው እኔና ባሌ ተያየን። ድምሩ ከ24ቱ 16 ወጣ። ከ10 በላይ ከሆነ የቀን እንቅልፉ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ስለዚህ ክሊኒክ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ሐኪሙ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ያወራል። ባሌን ገና አላስቀመጠውም፣ "ወንድሜ፣ እስኪ ወደ መስኮቱ ዞረህ ቁም፣ አሻግረህ ተመልከት" አለው። በጎን በኩል ቆሞ አየው። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣና ከታችኛው ከንፈሩ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ያዘው። አገጩ እስክሪብቶውን ሊነካ ይቅርና በመሃላቸው ክፍተት ነበር። ባሌ ጺም አለው፣ ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ። ሐኪሙ ጺሙን በጣቱ ጫን ብሎ አጥንቱን ፈለገ። "ጺሙ ነው የሸፈነው፣ አገጩ ወደ ኋላ የገባ ነው" አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። ቀጥሎ ቀና በል ብሎ ከአገጩ ስር እስከ ማንቁርቱ ድረስ ጣቶቹን ጎን ለጎን ደረደረ። የብዙ ሰው ሦስት ጣት ያስገባል። የባሌ ሁለት ጣት ብቻ ያዘ።

ከዚያ አስቀመጠው። አፍህን በደንብ ክፈት፣ ምላስህን አውጣ፣ ድምፅ አታሰማ። ባትሪ አበራና "ነይ አንቺም እዪ" አለኝ። የራሴን አፍ በመስታወት አስከፍቶ አስቀድሞ አሳየኝ፤ የእኔ ከኋላ እንጥሉም፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቅስቶችም ይታያሉ። የባሌ ምንም አይታይም። ምላሱ ሁሉንም ጋርዶታል፣ የሚታየው ጠንካራው ላንቃ ብቻ ነው። ይህ አተያይ ማላምፓቲ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የማደንዘዣ ሐኪም ስም ነው። ከ1 እስከ 4 ደረጃ አለው፣ የባሌ 4ኛው ነው። ማላምፓቲ ይህን ያወጣው ለእንቅልፍ ብሎ አይደለም፣ ለቀዶ ሕክምና የተኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ማስገባት የሚከብደው ማን ላይ እንደሆነ ቀድሞ ለማወቅ ነው። ቱቦ የማያሳልፍ ጉሮሮ ሌሊት አየርም ለማሳለፍ ይቸገራልና የእንቅልፍ ሐኪሞችም ወሰዱት።

የምላሱን ዳር በባትሪ አሳየኝ። ግራና ቀኙ ላይ የጥርሶቹ ማህተም በተርታ ታትሟል፣ ሊጥ ላይ ጣት እንደተጫነ ዓይነት። ምላሱ ቦታ ስላጣ ጥርሱን ሲገፋ ያድራል ማለት ነው። ላንቃው ደግሞ ከፍ ያለና ጠባብ ነው። በእንጨቷ ምላሱን ወደ ታች ሲጫነው ሐኪሙ ቆም አለ። "እንጥል የለህም?" አለው። ባሌ "በልጅነቴ አያቴ መንደር አስቆርጠውኛል" አለ። እኔ ይሄንን አላውቅም ነበር። እንጥል በነበረበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ ብቻ አለ። ሐኪሙ አልተቆጣም፣ ግን ወንበሩን ስቦ ቁጭ ብሎ ነገረን። ብዙ ሰው እንጥል ከተቆረጠ ልጁ አይታነቅም፣ ጉሮሮው ይከፈታል ብሎ ያምናል። መቆረጡ ግን ደም አፍስሶ፣ ኢንፌክሽን አስይዞ ስንት ሕፃን ገድሏል። ባሌን ደግሞ ከምንም አላዳነውም፣ የጠበበው እንጥሉ ሳይሆን ምላሱ የሚተኛበት ቦታ ነውና። ይህን የማነሳው አሁንም ልጆቻቸውን ለዚህ የሚወስዱ ዘመዶች ስላሉን ነው። እባካችሁ አትውሰዱ።

አፍንጫውን በብርሃን አየ፣ መሃሉ ያለው ግድግዳ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ጉንጩን በጣቱ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ "አሁንስ አየሩ ይሻላል?" ሲለው ባሌ "አዎ፣ ተከፈተ" አለ። ከዚያ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው አስገባ። ይሄ ደስ አይልም፣ ዓይኑ አነባ፣ ግን ማደንዘዣ ስለነፉበት አላመመውም። አፍንጫውን ይዞ አፉን ዘግቶ ወደ ውስጥ እንዲስብ ሲነግረው ስክሪኑ ላይ የጉሮሮው ግድግዳ ተገናኝቶ ሲዘጋ በዓይኔ አየሁ። ሁለት ዓመት በጨለማ የቆጠርኩት ነገር እዚያ ስክሪን ላይ ነበር። እንባዬ መጣ።

አንገቱን በሜትር ለኩት፣ 38 ሴንቲ ሜትር። ግፊቱ ደህና ነው። ሐኪሙ ስቶፕ ባንግ የሚባል ሌላ መጠይቅም ሞላለት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቶሮንቶ ውስጥ የወጣ። ስምንት ነጥብ ነው፦ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሹ ሲቆም ያየ ሰው መኖሩ፣ ደም ግፊት፣ ከፍተኛ ውፍረት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አንገት፣ ወንድ መሆን። ባሌ 41 ዓመቱ ነው፣ ያገኘው 4 ነው፣ መካከለኛ ስጋት። 5 እና ከዚያ በላይ ነው ከፍተኛ የሚባለው። ሐኪሙ ያለንን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ "ይሄ ወረቀት ኪሎ ይጠይቃል፣ አንገት ይጠይቃል፣ አገጭን ግን አይጠይቅም። እኔ አገጩን አይቻለሁ፣ ስለዚህ ይመርመር።"

ለምን አገጭ? ያስረዳን እንዲህ ነው። አፍንጫችን አጥንት አለው። ከድምፅ ሳጥን በታች ያለው የአየር ቧንቧም ለስላሳ አጥንት ቀለበት እየሆነ ይዞታል። መሃሉ ላይ፣ ከላንቃ ጀርባ እስከ ምላስ ሥር ያለው ግን የሚደግፈው አጥንት የለውም፣ ሥጋ ነው። ቀን ጡንቻው ወጥሮ ይይዘዋል። እንቅልፍ ሲወስደን ጡንቻው ይላላል። ምላስ ደግሞ የታሰረው ከታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ክፍል ላይ ነው። መንጋጋው ወደ ኋላ ከሆነ ምላሱም አብሮ ወደ ኋላ ነው፣ በጀርባ ሲተኛ ደግሞ ክብደቱ ይጨመርበታል። "የባለ ሦስት መኝታ ሶፋ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ማስገባት ነው፣ ሶፋው ምንም አልሆነም፣ ቤቱ ነው የጠበበው" አለን። የወፈረ ሰው ላይ ስቡ ገብቶ ያጠበዋል፣ የባሌን ዓይነት ሰው ላይ አጥንቱ ራሱ ጠባብ አድርጎ ሠርቶታል። ምሥራቅ እስያ ላይ ብዙ ሰው ብዙም ሳይወፍር ይሄ በሽታ የሚይዘው አንዱ ምክንያት የፊት አጥንቱ አሠራር ነው። ስለዚህ ቀጭን ነውና አያሰጋውም የሚለውን ነገር ከአእምሯችሁ አውጡት።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። ፊት ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ሐኪሙ ይህን ደጋግሞ ነው የነገረን። አገጫቸው ትንሽ ሆኖ ሰላማዊ እንቅልፍ የሚተኙ ብዙ ናቸው። አገጩ ያማረ፣ አፉ ሰፊ ሆኖ በሽታው ያለበትም አለ። በመስታወት ራሳችሁን አይታችሁ አለብኝ ወይም የለብኝም አትበሉ። የሚወስነው የሌሊት ምርመራው ነው።

የሌሊት ምርመራው ቤት ተወስዶ የሚሠራ ነው። አንድ ትንሽ ሣጥን፣ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ አፍንጫ ስር የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ። ማታ ይወስዷታል፣ ጠዋት ይመልሷታል። ዋጋው ከአንድ ወር የቤት ኪራያችን ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ለኛ ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው ሌሊት የጣቱ መለኪያ ወልቆ ስላደረ የተመዘገበው 2 ሰዓት አይሞላም፣ ውጤቱ አይነበብም ተባለ። ድጋሚ ለማድረግ ግማሹን ዋጋ አስከፈሉን። መለኪያውን በፕላስተር አጥብቃችሁ እሰሩት ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፣ ነርሷ በር ላይ ቆማ በሁለት ደቂቃ ነው ያስረከበችን። ጥፋቱ የነሱ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ፣ ግን አልመለሱልኝም። ስትወስዱ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ አስረዋችሁ አሳዩን በሉ። በፕላስተርም ሁለት ዙር ጠቅልሉት።

ሁለተኛው ሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ ተመዘገበ። ውጤቱ እንዲህ ነው። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም ወይም በጣም ሲያንስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 በታች ደህና ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ። ባሌ 33 ነው። በጀርባው ሲተኛ 48፣ በጎኑ ሲተኛ 19። ረጅሙ 52 ሰከንድ። ኦክስጅኑ እስከ 76 በመቶ ወርዷል። እኛ የምንኖረው ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ስለሆነ መነሻችን ራሱ ባህር ዳርቻ ካለ ሰው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን 76 የከፍታ ጉዳይ አይደለም አለን ሐኪሙ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ቁጥሮቹን እያንዳንዳቸው ምን ማለት እንደሆኑ አቁሜ ጠየቅኩ። ከኋላችን ብዙ ሰው ስላለ መቸኮል ጀምሮ ነበር። እናንተም አቁሙና ጠይቁ፣ የከፈላችሁት ለዚያ ነው።

አማራጮቹን ነገረን። በሽታው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነበት ሰው ጥርስ ሐኪም ሌሊት አፍ ውስጥ የሚደረግ፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይዞ የሚያሳድር ነገር ይሠራል። መንጋጋውን ራሱን ወደ ፊት የሚያመጣ ቀዶ ሕክምናም አለ፣ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ግን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው። የባሌ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ሲፓፕ ነው የታዘዘለት። ሲፓፕ አየር በቱቦና በጭምብል እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው፣ ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቀው።

ክሊኒኳ ማሽኑን አትሸጥም። ይሄ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ ሐኪሙ ለመሸጥ ብሎ አለማዘዙን ታምናላችሁ። መጥፎነቱ ፍለጋው የናንተ ነው። የባሌ እህት ውጭ ስላለች ያገለገለ ልትልክልን ነበር። ሐኪሙ ሁለት ነገር እዩ አለን። አንደኛ፣ ከማሽኑ አምራቾች አንዱ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ውስጡ ያለው ድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ሰው ሳንባ ሊገባ ይችላል ብሎ ብዙ ማሽኖችን ከገበያ ሰብስቧል፣ ስለዚህ ያገለገለ ፊሊፕስ ከሆነ ከነዚያ አለመሆኑን ሳታጣሩ አትቀበሉ። ሁለተኛ፣ መመሪያው ላይ ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ በትክክል እንደሚሠራ ተጽፏል፣ የኛ አገር ከፍታ ውስጥ መግባቱን እዩ። እህቱ በመጨረሻ ሬስሜድ የሚባል ሌላ ድርጅት የሠራውን አዲስ ማሽን ላከችልን። እግዜር ይስጣት።

ማሽኑ እስኪደርስ ሁለት ወር ፈጀ። ያን ጊዜ ያሳለፍነው በልጄ የካልሲ ኳስ ነው። በጎኑ ሲተኛ 19፣ በጀርባው 48 መሆኑን ከወረቀቱ ስላየሁ ኳሷን አሮጌ ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ሰፋሁለት። በጀርባው ሊገለበጥ ሲል ትወጋዋለች፣ ተመልሶ ወደ ጎኑ ይዞራል። ሐኪሙ ሰምቶ ትክክል ነው አለኝ፣ እንዲህ ያለ ዘዴ እንዳለም ነገረኝ። ፈውስ አይደለም፣ ለመሸጋገሪያ ግን ረድቶናል። አዳማም በዚያ ሁለት ወር እሱ አልነዳም፣ ሌላ ሹፌር እየነዳ አብሮት ተመላልሷል። ይህንን ያስገደደው ሐኪሙ ነው። "ሕክምናው እስኪጀመር መሪ አትያዝ" ብሎ ፊት ለፊት ተናገረው፣ ለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግነዋለሁ።

ጭምብሉን ለማስለመድ ያደረጉልን እገዛ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ነርሷ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ አንድ ሰዓት ሰጥታን ሦስት መጠን ለካችለት። ከጺሙ የተነሳ አየሩ ያፈተልካል። "ቢላጩትስ?" አለችው። ባሌ ትንሽ ዝም አለና "እሺ" አለ። ማታ ቤት ገብቶ ተላጨ። 11 ዓመት በትዳር ስንኖር አገጩን ያየሁት ያን ቀን ነው። ትንሽ፣ ወደ ውስጥ የገባ፣ የልጅ የሚመስል አገጭ። እጄን አደረግኩበት። ይህቺ ናት ለካ ሌሊት ሌሊት ስታንቀው የኖረችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ሦስት ሌሊት በመሃል አውልቆ ጥሎታል። ፊቱ ላይ የማሰሪያው ምልክት ይቀራል። ማሽኑ አየሩን የሚያረጥብበት ውሃ የተጣራ መሆን አለበት፣ ባሌ ሹፌር ስለሆነ የመኪና ባትሪ ውሃ ሊያመጣ ነበር፣ እሱን እንዳትጠቀሙ ተብለናል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ይጠፋል። አይታፈንም ወይ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሱ ጭምብል አፍንጫ ላይ ብቻ ስለሆነ አፉን ከፍቶ ይነቃል፣ አፍንም አፍንጫንም የሚሸፍነው ዓይነት ደግሞ አየር የሚያስገባ መክፈቻ አለው። አሁን ባትሪ ለመግዛት እያጠራቀምን ነው።

አምስተኛው ሌሊት ላይ እኔ ነኝ የነቃሁት። ጸጥ ብሏል። እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ፣ ከዚያ ማሽኑ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ፣ እሱም አብሮት ሲተነፍስ ሰማሁ። ጠዋት ተነስቶ ራሱን ሳያመው ቁርስ በላ። ረዳቱ "ጋሼ አሁን መንገድ ላይ ያወራሉ" ብሎኛል፣ በፊት ከአዳማ እስከዚህ ድረስ እንቅልፉን ሲታገል ቃል አይተነፍስም ነበር።

ለሚሄድ ሰው የቀረውን ባጭሩ፦ ቅዳሜ ከማክሰኞ ይሻላል፣ 7 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ካርድ አውጡ። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ታች ድረስ ወርዶ የሚያግዝ ልጅ አላቸው። የሚተኛውን ሰው ብቻ አትላኩት፣ አጠገቡ የሚያድረውም ይሂድ። ሐኪሙ "እህቴ፣ ምስክሩ አንቺ ነሽ፣ እሱማ ተኝቷል" ነው ያለኝ። ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ደግሞ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይህ በሽታ እንዳለበት ሳይናገር እንዳይተኛ።

በመጨረሻው ቀጠሯችን 7 ዓመት የሆነውን ልጃችንን ይዘን ሄደን ነበር፣ ቤት የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ለሱ ብለን አይደለም። ሐኪሙ ከባሌ ጋር እያወራ ዓይኑ ልጁ ላይ አረፈ። ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው፣ ፊቱም ረዘም ጠበብ ያለ ነው፣ አገጩ የአባቱ ነው። "ሌሊትስ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው?" አለኝ። አዎ አልኩ። አፉን አስከፍቶ አየውና ቶንሲሎቹ መሃል ላይ ሊገናኙ ትንሽ እንደቀራቸው አሳየኝ። ልጆች ላይ ዋናው ምክንያት ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ነው፣ ለዓመታት በአፍ መተንፈስም የሚያድገውን ፊት ቅርጹን ሊለውጠው ይችላል፣ ስለዚህ በጊዜ መታየት አለበት አለን። ለሱ ምርመራ ገንዘብ አልጠየቀንም። ቅዳሜ እንድንመለስ ቀጠረን፣ ከመምጣታችን በፊት ግን አንድ ነገር አዘዘን፦ ልጁ ከተኛ በኋላ መብራት አብርታችሁ፣ ደረቱና ፊቱ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ 2 ደቂቃ በስልክ ቅረጹልኝ።

ትናንት ማታ ቀረጽኩት። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሹ ቆሟል። ስምንት ድረስ ቆጥሬያለሁ።